አዲስ በገቡበት ቤት ያልጠበቁት የመብራትና የውኃ ሂሳብ ሲመጣ፦ ቅሬታን ደረጃ በደረጃ የማቅረቢያ መመሪያ

«ከገባሁ ገና ሃያ ቀኔ ነው፤ የመጣብኝ የመብራት ሂሳብ ግን የዓመት ይመስላል። ምን ላድርግ?» በምኖርበት የጋራ መኖሪያ ሕንፃ የኮሚቴ አባል ስለሆንኩ ይህ ጥያቄ ቤት በተለዋወጠ ቁጥር ይደርሰኛል። ጠያቂው አንዳንዴ ተከራይ ነው፤ አንዳንዴም ቤት ገዝቶ የገባ ባለቤት ነው። መልሱ በስልክ ሲነገር ግማሹ ስለሚረሳ፣ ከርክክቡ ቀን ጀምሮ እስከ ቅሬታው ውሳኔ ድረስ ያለውን ሥራ በቅደም ተከተል እዚህ አስፍሬዋለሁ።

መመሪያው የተጻፈው አዲስ አበባን ይዞ ነው። መብራቱ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት፣ ውኃው ደግሞ የአዲስ አበባ ውኃና ፍሳሽ ባለሥልጣን ነው። በሌሎች ከተሞች የሚኖሩ ከሆነ የመብራቱ ክፍል እንዳለ ያገለግልዎታል፤ የውኃውን ደግሞ በከተማዎ የውኃ አገልግሎት ጽሕፈት ቤት ተክተው ያንብቡት።

ወደ ሥራው ከመግባትዎ በፊት አንድ ነገር ይያዙ። የመብራትም ሆነ የውኃ ውል የተመዘገበው በቆጣሪው ላይ፣ ብዙውን ጊዜም በባለቤቱ ስም ነው። ስለዚህ አገልግሎት ሰጪው የሚያየው ሳይቋረጥ የሚቆጥር አንድ ቆጣሪ ብቻ ነው፤ ማን መቼ እንደወጣና ማን መቼ እንደገባ የሚያውቅበት መንገድ የለውም። እርስዎ የገቡበትን ቀን በሂሳቡ ላይ እንዲታይ የሚያደርገው በዚያ ቀን የተመዘገበና ሁለት ወገኖች የፈረሙበት የቆጣሪ ንባብ ነው። ከዚህ በታች ያሉት ደረጃዎች ሁሉ የሚቆሙት በዚህ ቁጥር ላይ ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ቀንና ሰዓቱ በትክክል የተስተካከለ፣ ፎቶና ቪዲዮ የሚያነሳ ስልክ
- የእጅ ባትሪ (በኮንዶሚኒየም ደረጃ ሥር ያሉ የቆጣሪ ሳጥኖች ቀንም ቢሆን ጨለማ ናቸው)
- የኪራይ ወይም የሽያጭ ውሉ ቅጂ
- የመብራትና የውኃ የደንበኛ ቁጥር፣ እንዲሁም በቆጣሪው አካል ላይ የታተመው የቆጣሪ ቁጥር
- የመጨረሻዎቹ ሦስት ወይም ስድስት ወራት ቢሎች ወይም የክፍያ ደረሰኞች፤ ከአከራዩ ወይም ከሻጩ ይጠይቁ
- የመታወቂያ ቅጂ፣ አከራዩ ራሱ መሄድ የማይችል ከሆነም የውክልና ወረቀት
- ለቅሬታው ብቻ የተለየ ደብተር

1. ቁልፍ ከመረከብዎ በፊት ቆጣሪውን ያንብቡ

ዕቃ ከመጫንዎ በፊት፣ ከአከራዩ ወይም ከወኪሉ ጋር ሆነው ወደ ቆጣሪው ይሂዱ። ለእያንዳንዱ ቆጣሪ ሁለት ፎቶ ያንሱ፤ አንደኛው ከቅርብ ሆኖ ንባቡና የቆጣሪው ቁጥር አብረው የሚታዩበት፣ ሁለተኛው ደግሞ ከራቅ ብሎ ቆጣሪው ያለበትን ቦታ የሚያሳይ ይሁን። የቅርቡ ፎቶ ስንት እንደቆጠረ ያስረዳል፤ የራቀው ፎቶ የቤትዎ ቆጣሪ የትኛው እንደሆነ ያሳያል። ብዙ ሰው የሚያነሳው የመጀመሪያውን ብቻ ስለሆነ፣ በኋላ «ይህ የአንተ ቆጣሪ መሆኑን በምን እናውቃለን?» ሲባል መልስ ያጣል።

አነባበቡ ላይ ይጠንቀቁ። በአሮጌ የመብራት ቆጣሪዎች ላይ በቀይ ቀለም ወይም በተለየ ሳጥን ውስጥ ያለው የመጨረሻ አኃዝ ከነጥብ በኋላ ያለ ነው፤ እሱን ጨምረው ካነበቡት ቁጥሩ አሥር እጥፍ ይሆናል። ዲጂታል ቆጣሪ ቀንን፣ ሰዓትንና ሌሎች ቁጥሮችን እያፈራረቀ ስለሚያሳይ የኪሎዋት ሰዓት ምልክት (kWh) ያለበት ቁጥር እስኪመጣ ይጠብቁ። በውኃ ቆጣሪ ላይ ጥቁሮቹ አኃዞች ሜትር ኪዩብ ናቸው፤ ቀዮቹ የሜትር ኪዩብ ክፍልፋይ ስለሆኑ በሂሳብ አይገቡም።

ቤቱ የቅድመ ክፍያ ቆጣሪ ያለው ከሆነ ደግሞ የቀረውን መጠን ይመዝግቡ፤ ካርዱን ወይም ለመሙላት የሚያገለግለውን የቆጣሪ ቁጥርም ይረከቡ። በተጨማሪም አከራዩ ባለበት በትንሽ ገንዘብ እንዲሞላ ያድርጉ። ከዚህ በፊት የተጠራቀመ የአገልግሎት ክፍያ ወይም ዕዳ ካለ ተቆራጭ የሚሆነው በሚሞላበት ጊዜ ስለሆነ፣ የከፈሉት ገንዘብና የገባልዎት ኃይል ያልተመጣጠነ እንደሆነ እዚያው ይታያል። ብቻዎን ሆነው ከሳምንት በኋላ ቢያገኙት ግን የማን ዕዳ እንደሆነ ለማስረዳት ይቸገራሉ።

2. ውዝፍ መኖሩን በደንበኛ ቁጥሩ ያጣሩ

የደንበኛ ቁጥሩን ይዘው በቴሌብር ወይም በባንክ የሞባይል መተግበሪያ ላይ ክፍያ የሚፈጽሙ ያህል ያስገቡት። ሳይከፍሉ፣ ያልተከፈለ ሂሳብ ካለ መጠኑንና የባለ ውሉን ስም ማየት ይችላሉ። የሚታየውን ገጽ በስልክዎ ፎቶ አድርገው ያስቀምጡ። ስሙ ከአከራዩ ስም ጋር የማይገናኝ ከሆነ ምክንያቱን ይጠይቁ፤ የሟች አባት ስም፣ የቀድሞ ባለቤት ስም ወይም የመጀመሪያው ዕጣ የደረሰው ሰው ስም ሊሆን ይችላል። ይህ ራሱ ጥፋት አይደለም፤ ነገር ግን በኋላ ማመልከቻው ላይ ማን መፈረም እንዳለበት የሚወስነው ይህ ስም ነው።

በዚህ መንገድ የሚታየው ቢል የወጣለት ዕዳ ብቻ መሆኑን አይርሱ። ቆጣሪው ለወራት ሳይነበብ ቆይቶ ከሆነ መተግበሪያው ላይ ምንም ዕዳ የለም ሊል ይችላል፤ የተጠራቀመው ፍጆታ ግን ቆጣሪው ውስጥ ተቀምጦ አንባቢውን ይጠብቃል። ለዚህ ነው የመጨረሻውን ቢል አይቶ «የአሁን ንባብ» ተብሎ የተጻፈውን በዓይን ከሚታየው ንባብ ጋር ማነጻጸር የሚያስፈልገው። በሁለቱ መካከል ከአንድ ወር ፍጆታ የበለጠ ልዩነት ካለ፣ ገና ያልተጠየቀ የሌላ ሰው ሂሳብ አለ ማለት ነው።

3. ንባቡን የውሉ አካል ያድርጉት

በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የኪራይ ውል በጽሑፍ እንዲሆንና በ30 ቀናት ውስጥ እንዲመዘገብ ያዛል። ውሉ በወረዳው ሲመዘገብ የርክክብ ወረቀቱንም አብረው ያያይዙት። ረጅም መሆን አያስፈልገውም፤ የሚከተለው ይበቃል፦

«ዛሬ ሐምሌ 1 ቀን 2017 ዓ.ም. ቤቱን ስንረካከብ የመብራት ቆጣሪው ንባብ 8,412 ኪሎዋት ሰዓት፣ የውኃ ቆጣሪው ንባብ 1,096 ሜትር ኪዩብ መሆኑን አይተናል። ከዚህ ንባብ በፊት ያለው ፍጆታ፣ ውዝፍ፣ ቅጣትና የማስቀጠያ ክፍያ የአከራይ ነው፤ ከዚህ በኋላ ያለው የተከራይ ነው።»

ሁለታችሁም፣ ከተገኙም ሁለት ምስክሮች ይፈርሙ። «ቅጣትና የማስቀጠያ ክፍያ» የሚሉትን ቃላት አይተዉ። አከራዮች ውዝፉን ለመክፈል ሲስማሙ እንኳ በዚያ ውዝፍ ምክንያት የመጣውን ቅጣትና አገልግሎቱ ከተቆረጠ በኋላ ለማስቀጠል የሚጠየቀውን ክፍያ «አንተ እያለህ የመጣ ነው» ሲሉ በተደጋጋሚ አይቻለሁ።

በአንድ ቆጣሪ ብዙ ተከራይ ባለበት ግቢ ከሆነ የሚገቡት፣ ክፍፍሉ በሰው ቁጥር፣ በክፍል ቁጥር ወይስ በውስጥ ቆጣሪ እንደሚሠራ እዚሁ ወረቀት ላይ ይጻፍ። በዚህ ዓይነት ግቢ ውስጥ አገልግሎት ሰጪው የሚያውቀው የግቢውን ባለቤት ብቻ ስለሆነ የእርስዎ ክርክር ሙሉ በሙሉ ከአከራዩ ጋር ነው፤ ዋናውን ቢል በየወሩ የማየት መብት እንዳለዎትም ያስጽፉ።

4. ቢሉ ሲመጣ መስመር በመስመር ይፍቱት

ያልጠበቁት ሂሳብ ሲመጣ ሰዎች ከሁለት አንዱን ያደርጋሉ፤ ወይ እንዳይቆረጥባቸው ፈርተው ሁሉንም ይከፍላሉ፣ ወይ ተናደው ዝም ይላሉ። ሁሉንም ከከፈሉ ተመላሽ መጠየቅ ይከብድዎታል፤ ዝም ካሉም ቅጣትና ቆረጣ ይከተላል። መጀመሪያ የሚደረገው ነገር ሂሳቡን መፍታት ነው።

ከቢሉ ላይ አራት ቁጥሮችን ይፈልጉ፦ የቆጣሪ ቁጥር፣ የቀድሞ ንባብ፣ የአሁን ንባብና ፍጆታ። ከዚያ ቀጥለው የአገልግሎት ክፍያ፣ ውዝፍ፣ ቅጣት፣ ተጨማሪ እሴት ታክስና ሌሎች ተደማሪ ክፍያዎችን ለየብቻ ያውጡ። በውኃ ቢል ላይ የፍሳሽና የደረቅ ቆሻሻ ክፍያ አብሮ ስለሚሰበሰብ እነሱን እንደ ስሕተት አይቁጠሯቸው።

አሁን ከርክክብ ወረቀቱ ጋር ያነጻጽሩ። በላይኛው ምሳሌ እንቀጥል። ሐምሌ 1 ሲገቡ ንባቡ 8,412 ነበር። የሐምሌ ቢል ላይ ግን የቀድሞ ንባብ 7,630፣ የአሁን ንባብ 8,538፣ ፍጆታ 908 ኪሎዋት ሰዓት ይላል። ከ8,412 እስከ 8,538 ያለው 126 ኪሎዋት ሰዓት የእርስዎ ነው። ከ7,630 እስከ 8,412 ያለው 782 ኪሎዋት ሰዓት ከእርስዎ በፊት የተቆጠረ ነው።

ነገሩ በዚህ አያበቃም፤ ብዙ ሰው የሚያልፈውም ይህን ነው። የመኖሪያ ቤት ታሪፍ በእርከን የተሠራ ነው፤ እስከ 50 ኪሎዋት ሰዓት ያለው እርከን ዝቅተኛው ሲሆን፣ የወሩ ፍጆታ በጨመረ ቁጥር የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋም ይጨምራል። ከዚህም ሌላ መኖሪያ ቤት በወር ከ200 ኪሎዋት ሰዓት በላይ ሲጠቀም ተጨማሪ እሴት ታክስ ይታሰብበታል፤ ለውኃም ወሰኑ በወር 15 ሜትር ኪዩብ ነው። ስለዚህ የስድስት ወር ፍጆታ በአንድ ወር ቢል ላይ ሲወድቅ መጠኑ ብቻ ሳይሆን ዋጋውም ይከብዳል። በምሳሌው 782ቱ ከጥር እስከ ሰኔ ቆጣሪው ሳይነበብ የተጠራቀመ ከሆነ፣ በወር በአማካይ 130 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ነው፤ ይህም ከ200 በታች ነው። የእርስዎም 126 ከ200 በታች ነው። ታክስ የመጣው ሁሉም በአንድ ወር ስለተደመረ ነው ማለት ነው።

ስለዚህ የሚጠይቁት ነገር ሁለት ነው፤ አንደኛ ፍጆታው በየወሩ ተከፋፍሎ በየእርከኑ እንደገና እንዲታሰብ፣ ሁለተኛ ደግሞ ታክሱ እንዲስተካከል። ይህን ለአከራዩ በወረቀት አስልተው ያሳዩት። እንደገና ቢታሰብ የእሱም ድርሻ ስለሚቀንስ፣ «ይህ የአንተ ዕዳ ነው» ብለው ከሚሄዱበት ይልቅ «አብረን እናስተካክለው» ብለው ሲቀርቡት ፈርሞ የመሄድ ፍላጎቱ ይጨምራል። እኔ ካየኋቸው ጉዳዮች ውስጥ ቶሎ ያለቁት ተከራይና አከራይ አብረው የቀረቡባቸው ናቸው።

5. የችግሩን ዓይነት ይለዩ

ማመልከቻዎ አንድ ግልጽ ምክንያት ሲይዝ ወደ ትክክለኛው ባለሙያ ይመራል። «ሂሳቡ በዛብኝ» የሚል ማመልከቻ ግን ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ሲዞር ይከርማል። በብዛት የሚያጋጥሙት የሚከተሉት ናቸው።

ውዝፍ፦ የቀድሞ ነዋሪ ያልከፈለው ቢል ነው። አገልግሎት ሰጪው ቆጣሪውን ስለሚያይ ቅሬታዎን ሊቀበል አይገደድም፤ ጥያቄዎ የሚቀርበው ለአከራዩ ነው።

ያልተነበበ ወይም በግምት የተሞላ ንባብ፦ በቢሉ ላይ ያለው «የአሁን ንባብ» ዛሬ ቆጣሪው ላይ ከሚታየው የሚበልጥ ከሆነ፣ ቆጣሪ ወደኋላ ስለማይቆጥር ግምት ወይም የአነባበብ ስሕተት መሆኑ ያለ ክርክር ይታያል። በዚያው ቀን ፎቶ አንስተው ይሂዱ፤ ሁለት ሳምንት ካቆዩት ቆጣሪው ቁጥሩን ሊደርስበት ስለሚችል ማስረጃዎ ይጠፋል።

የታሪፍ ዓይነት፦ ቤቱ ከዚህ በፊት ሱቅ ወይም ቢሮ ከነበረ ውሉ በንግድ ታሪፍ ተመዝግቦ ሊቀር ይችላል። ንባቡ ትክክል ሆኖ ብሩ ብቻ የማይመጣጠን ከሆነ መጀመሪያ የሚታየው ይህ ነው።

የተቀያየረ ቆጣሪ፦ በኮንዶሚኒየም ውስጥ ከምገምተው በላይ አግኝቼዋለሁ። ቆጣሪዎቹ በአንድ ሳጥን ውስጥ ተደርድረው ይቀመጣሉ፤ የቤት ቁጥሩ በእጅ የተጻፈበት ወረቀት ይላቀቃል ወይም በስሕተት ይለጠፋል። በእኛ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ብቻዋን የምትኖር እናት የአምስት ሰው ቤተሰብ ሂሳብ ስትከፍል ከርማለች። አንድ ምሽት እሷ ቤት ዋናውን ብሬከር አጥፍተን፣ ልጄ ደረጃ ሥር ሆኖ በባትሪ ሳጥኑን ሲያይ የእሷ ነው የተባለው ቆጣሪ ቀይ መብራት ብልጭ ድርግም ማለቱን አላቆመም፤ ያቆመው ከጎኑ ያለው ነበር። የማመልከቻዋ ዋና ማስረጃ የሆነው ያን ምሽት በስልክ የተቀረጸው የሁለት ደቂቃ ቪዲዮ ነው።

ፍሳሽ ወይም ብልሽት፦ ቆጣሪው ትክክል ሆኖ ውኃው ወይም ኃይሉ ቤት ውስጥ ወይም ከቆጣሪው በኋላ ባለው መስመር ላይ የሚባክን ከሆነ ነው። ይህን የሚለዩት በሚቀጥለው ደረጃ ነው።

6. ከመሄድዎ በፊት ቤትዎን ራስዎ ይፈትሹ

ለመብራት፦ ዋናውን ብሬከር አጥፍተው ቆጣሪውን አሥር ደቂቃ ይመልከቱ። ዲስኩ ከዞረ ወይም መብራቱ ብልጭ ካለ ወይ ቆጣሪው ተበላሽቷል፣ ወይ ከቆጣሪዎ የሚስብ ሌላ መስመር አለ። ካቆመ ደግሞ ብሬከሩን መልሰው ዕቃዎቹን አንድ በአንድ ይመርምሩ። የእንጀራ ምጣድ ብዙውን ጊዜ ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት ይወስዳል፤ ሁለት ሰዓት ከጋገሩበት ከ6 እስከ 8 ኪሎዋት ሰዓት ነው። በሳምንት ሁለት ጊዜ የሚጋገርበት ቤት በወር ለምጣድ ብቻ 50 ወይም 60 ኪሎዋት ሰዓት ቢያወጣ አያስገርምም። ይህን አስልተው ከሄዱ ስንት ሊሆን እንደሚገባው በቁጥር መናገር ይችላሉ።

ለውኃ፦ ማታ ሁሉም ከተኛ በኋላ ቧንቧዎችን ሁሉ ዘግተው ንባቡን ከነቀዮቹ አኃዞች ይጻፉ፤ ጠዋት ማንም ሳይከፍት እንደገና ያንብቡ። ሮቶ ካለ መጀመሪያ እስኪሞላ ይጠብቁ። ቁጥሩ ከጨመረ ፍሳሽ አለ። ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው የሽንት ቤቱ ማጠራቀሚያ ነው፤ ጥቂት የሻይ ቀለም ወይም ማንኛውንም ቀለም ያለው ፈሳሽ ማጠራቀሚያው ውስጥ ጨምረው ሳይለቁት ግማሽ ሰዓት ይጠብቁ፤ ቀለሙ ሳህኑ ውስጥ ከታየ ጎማው ያፈሳል ማለት ነው።

የውኃ መጠኑን ለማመዛዘን 1 ሜትር ኪዩብ 50 ባለ 20 ሊትር ጀሪካን መሆኑን ያስቡ። 60 ሜትር ኪዩብ ተጠቅመዋል ከተባሉ 3,000 ጀሪካን ነው፤ ውኃ በሳምንት ሁለት ቀን በሚመጣበት ሰፈር፣ ፍሳሽ በሌለበት ቤት፣ ይህ የማይታመን ነው። በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ውኃው ሲለቀቅ መጀመሪያ የሚወጣው አየር ቆጣሪውን ሊያሽከረክረው ስለሚችል፣ ውኃ በሚለቀቅበት ሰዓት ቆጣሪውን በቪዲዮ መቅረጽም ይጠቅማል።

ማስጠንቀቂያ፦ የቆጣሪውን እሽግ በምንም ምክንያት አይንኩ፤ ሳጥኑንም አይክፈቱ። እሽጉ ተቆርጦ ከተገኘ ቅሬታ አቅራቢነትዎ ቀርቶ ተጠያቂ ይሆናሉ፤ ኤሌክትሪኩም ሕይወት ያጠፋል። ሲገቡ ተቆርጦ ካገኙት በርክክቡ ፎቶ ላይ እንዲታይ አድርገው በጽሑፍ ያሳውቁ።

7. ማመልከቻውን ይጻፉ

አንድ ገጽ ይበቃል። ቢቻል ባለ ውሉ ይፈርምበት፤ ካልተገኘ እርስዎ ፈርመው የኪራይ ውሉን ያያይዙ። ለምሳሌ እንዲህ ሊጻፍ ይችላል፦

«ጉዳዩ፦ የሐምሌ ወር 2017 ዓ.ም. የመብራት ሂሳብ እንደገና እንዲታሰብ ስለመጠየቅ። በደንበኛ ቁጥር … በተመዘገበው ቆጣሪ ለሐምሌ ወር የ908 ኪሎዋት ሰዓት ሂሳብ ተጠይቋል። ቆጣሪው ከጥር እስከ ሰኔ ያልተነበበ በመሆኑ በዚህ ጊዜ የተጠራቀመው 782 ኪሎዋት ሰዓት በሐምሌ ላይ ተደምሯል። ሐምሌ 1 ቀን ንባቡ 8,412 መሆኑን የሚያሳይ የርክክብ ሰነድና ፎቶ አያይዘናል። ስለዚህ 1ኛ. ፍጆታው ለሰባቱ ወራት ተከፋፍሎ በየወሩ እርከን እንዲታሰብ፤ 2ኛ. በአንድ ወር በመደመሩ ምክንያት የታሰበው ታክስና ቅጣት እንዲነሳ፤ 3ኛ. ውሳኔ እስኪሰጥ አገልግሎቱ እንዳይቋረጥ እንጠይቃለን።»

ሦስተኛውን ነጥብ ሁልጊዜ ይጨምሩ። ቅሬታ የሚያየው ክፍልና ለመቁረጥ የሚወጣው ቡድን የተለያዩ ስለሆኑ፣ በጽሑፍ ያልጠየቁትን ነገር የሚያስታውስልዎት የለም። ቆጣሪው ራሱ ተበላሽቷል ብለው ከጠረጠሩ ደግሞ «ቆጣሪው በባለሙያ እንዲፈተሽ» የሚል ይጨምሩ፤ ፍተሻው ሲደረግ ቤት ይኑሩ፣ የውጤቱን ወረቀትም ይጠይቁ።

8. ገቢ ያድርጉና ቁጥር ይያዙ

በመጀመሪያ ስልክ ይደውሉ፤ ለመብራት 905፣ ለውኃ 906። የተሰጠዎትን የቅሬታ ቁጥር፣ ቀኑንና ሰዓቱን ደብተርዎ ላይ ይጻፉ። ስልኩ ማመልከቻውን አይተካም፤ ያሳወቁበትን ቀን ግን ያስመዘግብልዎታል።

ከዚያ ማመልከቻውን በሁለት ቅጂ ይዘው ቤቱ ወደሚገኝበት የአገልግሎት መስጫ ማዕከል ወይም የውኃ ቅርንጫፍ ይሂዱ። አንዱን ለመዝገብ ቤት ሰጥተው ሁለተኛው ላይ የገቢ ቁጥር፣ ቀንና ማኅተም ያስደርጉ። ይህ ሳይደረግ ማመልከቻ አስገባሁ ማለት አይቻልም። ለአንድ ሠራተኛ በእጅ ተሰጥቶ «ተመለስ» የተባለ ወረቀት፣ ሠራተኛው በተዛወረ ማግስት የለም። ዋና ሰነዶችን አይስጡ፤ ቅጂ ብቻ ያያይዙና ዋናውን አሳይተው ይመልሱ።

የማይከራከሩበትን ድርሻ ለመክፈል ዝግጁ መሆንዎን በጽሑፍ ያሳውቁ። ማዕከሉ ከፊል ክፍያ ከተቀበለ የራስዎን ወራት በባንክ ወይም በቴሌብር ይክፈሉ። ሙሉውን ካልከፈሉ የሚቆረጥ ከሆነና መክፈል ግድ ከሆነብዎት፣ ከመክፈልዎ በፊት «ቅሬታዬ እንደተጠበቀ ሆኖ እንዳይቋረጥብኝ የከፈልኩ ነው» የሚል አንድ መስመር በማመልከቻው ላይ ጨምረው ገቢ ያድርጉ። ይህ መስመር ዕዳውን አምነው እንደከፈሉ እንዳይቆጠር ይረዳዎታል።

ማስጠንቀቂያ፦ ለቆጣሪ አንባቢ፣ ለቆራጭ ቡድን ወይም «እኔ አስተካክልልሃለሁ» ለሚል ሰው በእጅ ገንዘብ አይስጡ። ደረሰኝ የሌለው ክፍያ ሂሳቡን አይቀንስም። ስልክ ደውሎ የይለፍ ቁጥርዎን ወይም የሚስጥር ኮድዎን የሚጠይቅ ሰውም ከየትኛውም ተቋም ነኝ ቢል አይመኑት።

9. መልስ ካላገኙ ወደላይ ይሂዱ

በየሳምንቱ በገቢ ቁጥሩ ይጠይቁ፤ የተባሉትን ከነቀኑ ይጻፉ። መልስ ሲዘገይ ወይም ያለ ምክንያት ውድቅ ሲደረግ፣ ያንኑ ማመልከቻ ከነገቢ ቁጥሩ አያይዘው በዚያው ተቋም የበላይ ለሆነው ጽሕፈት ቤትና ለቅሬታ ሰሚ ክፍሉ ያቅርቡ። ደረጃ መዝለል አያዋጣም፤ ከላይ ያለው አካል መጀመሪያ የሚጠይቀው «የታችኛው ምን አለ?» የሚለውን ነው። ከተቋሙ ውስጥ ካላለቀ፣ መብራትን በተመለከተ ዘርፉን የሚቆጣጠረው የነዳጅና ኢነርጂ ባለሥልጣን አለ። ለሁለቱም አገልግሎቶች የአስተዳደር በደል ሲሆን የኢትዮጵያ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም አቤቱታ ይቀበላል።

ጉዳዩ ከአከራዩ ጋር ከሆነ፣ የርክክብ ወረቀቱንና የከፈሉበትን ደረሰኝ ይዘው መጀመሪያ በጽሑፍ ይጠይቁ፤ ከዚያ ውሉ ወደተመዘገበበት ወረዳ ይሂዱ። ያለ አከራዩ የጽሑፍ ስምምነት ከኪራይ ላይ በራስዎ አይቀንሱ። ገንዘቡ የሚገባዎ ቢሆንም ኪራይ አልከፈለም ለሚል ክስ በር ይከፍታሉ። ከተስማሙ «ከነሐሴ ኪራይ ላይ ይህን ያህል ተቀንሷል» የሚል አጭር ወረቀት አስፈርመው ይያዙ።

10. ሲወጡ ሥራውን ይድገሙት

ቤቱን በሚለቁበት ቀን የመጀመሪያውን ደረጃ እንዳለ ይድገሙ፤ ፎቶ፣ ንባብ፣ ቀን፣ ፊርማ። የመጨረሻው ቢል ከወጡ በኋላ ስለሚመጣ፣ ካለፈው ቢል በኋላ የተጠቀሙትን በንባብ አስልተው ለአከራዩ ከፍለው ደረሰኝ ወይም ፊርማ ይቀበሉ። መያዣ ያስያዙት ገንዘብ ካለ ቁልፉን የሚያስረክቡት ይህ ወረቀት ከተፈረመ በኋላ ይሁን። የደንበኛ ቁጥሩ በቴሌብርዎ ወይም በባንክ መተግበሪያዎ ላይ በራሱ እንዲከፍል አድርገው ከነበረ በዚያው ቀን ያቋርጡት፤ አለበለዚያ የሚመጣውን ነዋሪ መብራት እርስዎ ሲከፍሉ ይከርማሉ። ፎቶዎቹንና የርክክብ ወረቀቱን ቢያንስ ለሁለት ዓመት ያቆዩ፤ ሳይነበቡ የቆዩ ቆጣሪዎች ሂሳብ ከዓመት በኋላም ሲመጣ አይቻለሁ።